የኮን ካየን ሕሙማን

እ.ኤ.አ. በ1956 በቬትናም ደጋማ ከተማ በዳላት፣ በፓስተር ኢንስቲትዩት ቤተ ሙከራ ለሌላ ምርምር ተይዞ የነበረ አንድ የቀርከሃ አይጥ ሞተ። ሲከፈት ጉበቱና ጣፊያው ማንም በማያውቀው ፈንገስ ተወርሮ ተገኘ። ናሙናው ፓሪስ ደረሰና ጋብርኤል ሰግሬታን የተባለው የፈንገስ ተመራማሪ እጅ ገባ። እሱም በ1959 ፈንገሱን በጽሑፍ ሲያስተዋውቅ በኢንዶቻይና የፓስተር ኢንስቲትዩት ኃላፊ በነበረው በኡቤር ማርኔፍ ስም ማርኔፌይ ብሎ ጠራው። ሰግሬታን በሥራ ላይ ሳለ ፈንገሱ ባለበት መርፌ ጣቱን ወጋ። ከቀናት በኋላ የተወጋበት ቦታ አበጠ፤ ቀጥሎም በዚያው ወገን ብብቱ ሥር ንፍፊት ወጣበት። መድኃኒት ወስዶ ዳነ። ጤነኛ ሰው ነበርና ፈንገሱ ከክንዱ አላለፈም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ፈንገስ ጤነኛ ሰው ላይ እምብዛም አይበረታም። የሚበረታው የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ በተዳከመበት ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ማርኔፌይ ደሙን የወረረው ሕመምተኛ ሲመጣ ከፈንገሱ ስም በላይ የሚያስጨንቀው ጥያቄ፣ ይህ ሰው ምን ጎድሎበት ነው ለእንዲህ ያለ ደካማ ጠላት የተሸነፈው የሚለው ነው። በታይላንድና በታይዋን አንዳንድ ሕሙማን ዘንድ የዚህ ጥያቄ መልስ እስኪገኝ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

አይጡ በሞተ በዓመቱ፣ በ1957፣ ለንደን ዳርቻ ሚል ሂል በሚገኘው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከዶሮ እንቁላል የወሰዱትን ስስ ሽፋን በሙቀት ከሞተ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጋር አዋሉት። ከዚያም ሽፋኑ የነበረበትን ፈሳሽ ብቻ ወስደው ትኩስ ሽፋን ላይ ጨመሩ። አዲሱ ሽፋን ሕያው ቫይረስ ሲመጣበት ተቋቋመው። የተጠቁት ሕዋሳት ጎረቤቶቻቸውን የሚያስጠነቅቅ ነገር ወደ ፈሳሹ ለቀው ነበር። ለዚህ ነገር ኢንተርፌሮን የሚል ስም ሰጡት።

ኢንተርፌሮን አንድ ብቻ አለመሆኑ የታየው ቆይቶ ነው። በ1965 ፍሬድሪክ ዊሎክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ የሰው ነጭ የደም ሕዋሳትን ወስዶ ከቦሎቄ በሚወጣ ንጥረ ነገር ቀሰቀሳቸው። ቫይረስ አልነበረም፤ ሕዋሳቱ ግን ቫይረስን የሚያግድ ነገር አመነጩ። ይህኛው ኢንተርፌሮን አሲድ ውስጥ ሲገባ ኃይሉን ያጣል፤ የቀድሞው ግን አሲድን ይቋቋም ነበር። ዛሬ ኢንተርፌሮን ጋማ የምንለው ይህን ነው። ቦሎቄውን እናስታውሰው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሆስፒታል ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደገና እናገኘዋለን።

በ1982 የካሊፎርኒያው ጄኔንቴክ ኩባንያ ሳይንቲስቶች የኢንተርፌሮን ጋማን ዘረመል ለይተው ባክቴሪያ ውስጥ ማምረት ቻሉ። በማግስቱ ዓመት ካርል ናታንና ባልደረቦቹ ዋና ሥራውን አሳዩ። ማክሮፌጅ የሚባሉት ትልልቅ ሕዋሳት ጀርም መዋጥ ይችላሉ፤ የዋጡትን ለመግደል ግን ትእዛዝ ይጠብቃሉ። የቲቢ ባክቴሪያና ዘመዶቹ፣ ሳልሞኔላ፣ አንዳንድ ፈንገሶች ይህን ስለሚያውቁ የሚመስል ኑሮ አላቸው፤ ተውጠው እዚያው ሆድ ውስጥ ይኖራሉ። ኢንተርፌሮን ጋማ ትእዛዙን ያደርሳል። ክተት የሚያውጅ መልእክተኛ መንገድ ላይ ቢታሰር ሠራዊቱ ስንቁን ይዞ፣ መሣሪያውን ወልውሎ እቤቱ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ይህ ሞለኪውል ከጠፋ ማክሮፌጆቹ በቁጥርም በጤናም ሙሉ ሆነው ጠላታቸውን በሆዳቸው ተሸክመው ይኖራሉ።

በዚያው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ የአዮን ግሬሰር ቡድን አንድ እንግዳ ነገር አየ። አንድ ሕመምተኛ በልጅነት ይዞት ነርቭ ውስጥ ተደብቆ የቆየው ቫይረስ ተቀስቅሶበት በአልማዝ ባለጭራ ክፉኛ ተጠቅቷል። በደሙ ውስጥ የራሱን ኢንተርፌሮን የሚይዝ አንቲቦዲ ተገኘ። አንቲቦዲ፣ ፀረ እንግዳ አካል የምንለው፣ ባዕድን ለመያዝ የሚሠራ ፕሮቲን ነው፤ እዚህ ግን ባለቤቱ የጦር መሣሪያውን ራሱ እያሰረ ነበር። ይህኛው አልፋ የሚባለውን ኢንተርፌሮን የሚመለከት ነው። ጽሑፉ ታተመ፤ ብዙ ሰው ግን የአንድ ሰው ብርቅ ነገር አድርጎ አለፈው። እንደ እኔ እምነት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከጠፉት ዕድሎች ትልቁ ይህ ነው። ሐሳቡ በሙሉ እዚያ ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር።

የዘመኑ ዓይን ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ነበር። በ1984 የመጀመሪያው የኤድስ ሕመምተኛ በታይላንድ ታወቀ። ወረርሽኙ በአሥር ዓመት ውስጥ የአገሪቱን ሆስፒታሎች አጥለቀለቀ። በሰሜን ታይላንድ በቺያንግ ማይ ያሉ ሐኪሞች በኤድስ በሽተኞች ቆዳ ላይ መሐላቸው ጎድጎድ ያለ እብጠቶች ማየት ጀመሩ። ናሙና ሲመረመር ያ የዳላት ፈንገስ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ማርኔፌይ በዚያ አካባቢ ከቲቢና ክሪፕቶኮከስ ከሚባለው ሌላ ፈንገስ ቀጥሎ ሦስተኛው የኤድስ ተጓዳኝ በሽታ ሆነ። ለታይላንድ ሐኪም ነገሩ ቀላል ሒሳብ ሆነ፤ ማርኔፌይ ያለበት ሰው ኤችአይቪ አለበት።

በሰሜን ምሥራቅ፣ ኢሳን በሚባለው የሩዝ ገበሬዎች አገር፣ በኮን ካየን ዩኒቨርሲቲ ስሪናጋሪንድ ሆስፒታል ግን ሒሳቡ እምቢ ያለባቸው ሕሙማን ነበሩ። የብዙዎቹ ታሪክ ይመሳሰላል። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ በአርባዎቹ ወይም በአምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። ከዚያ በፊት ሆስፒታል አያውቁም፤ ማሳቸው ላይ ሲሠሩ የኖሩ፣ ልጆች ያሳደጉ፣ ጉልበታቸው የሚመሰገን ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን አንገታቸው በሁለቱም በኩል ያብጣል። ትኩሳት ይመጣል፤ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ክብደት ይቀንሳል። ንፍፊቱ አንዳንዴ ይፈነዳና መግል ያወጣል፤ ቁስሉ አይደርቅም። አንዳንዶቹ ደግሞ ፊታቸውና እጃቸው ላይ ቀይ፣ የሚያም፣ መግል የቋጠረ የሚመስል ሽፍታ ይወጣባቸዋል፤ ከዚያ ላይ ናሙና ሲወሰድ ግን ጀርም አይገኝም። ይህ ሽፍታ በ1964 እንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም ሮበርት ስዊት የገለጸው፣ በስሙም የሚጠራው ነው፤ ጀርም ሌላ ቦታ ተደብቆ ሳለ ነጭ የደም ሕዋሳት ቆዳ ላይ ሲከማቹ የሚመጣ ቁጣ ነው።

መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው። በእኛም አገር ቢሆን የአንገት ንፍፊት ይዞ የመጣ ሰው ፊት ሐኪም ቀድሞ የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ከሳንባ ውጭ የሚታየው ቲቢ፣ በተለይ የንፍፊቱ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ነውና። የኮን ካየን ሕሙማንም የቲቢ መድኃኒት ጀመሩ። ወር ሆነ፤ ሁለት ወር ሆነ፤ ለውጥ የለም። ናሙናው እንደገና ሲዘራ የሚበቅለው ባክቴሪያ ግን የቲቢ ሆኖ አልተገኘም። በአፈርና በውኃ ውስጥ የሚኖር፣ በሳምንት ውስጥ የሚያድግ፣ ሰው በየቀኑ የሚነካውና የማይታመምበት የቲቢ ዘመድ ነው፤ አብሰሰስ የሚባለው ዓይነት ይበዛል። በቲቢ መድኃኒት አይሞትም። ለእሱ የሚሆኑት መድኃኒቶች ሌሎች ናቸው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ በመርፌ ብቻ የሚሰጡ፣ ኩላሊትና ጆሮ የሚጎዱ ናቸው።

ያ ባክቴሪያ ታክሞ ሲሻል ደግሞ ሌላው ይመጣል። ሳልሞኔላ ደም ውስጥ ይገኛል። ከዚያ አልማዝ ባለጭራ። ከዚያ ክሪፕቶኮከስ፣ ወይም ማርኔፌይ። የአንድ ሰው የሕክምና መዝገብ ከዓመት ዓመት እየወፈረ የኤድስ በሽታዎችን ዝርዝር ይመስላል። የኤችአይቪ ምርመራ ይታዘዛል፤ የለም ይላል። ይደገማል፤ የለም። ኤችአይቪ የሚገድላቸው፣ ሲዲ4 የሚባሉት ሕዋሳት ይቆጠራሉ፤ ሙሉ ናቸው። በዚያ ዘመን እነዚህን ሰዎች ያስጨነቀው ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ሁሉም ነገር ኤድስ በሚመስልበት አገር፣ የለብኝም የሚል ወረቀት ይዞ ጎረቤትን ማሳመን ቀላል አይደለም።

በዚያ ሆስፒታል የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም የሆነችው ፕለንቻን ቼትቾቲሳክና ባልደረቦቿ ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሕሙማኑን አንድ ላይ አዩአቸው። እያንዳንዱ መዝገብ ለብቻው ሲነበብ መጥፎ ዕድል ነው፤ አንድ ላይ ሲቀመጥ ግን በሽታ ነው። በ2000 ባወጡት ጽሑፍ ማይኮባክቴሪያ በሚባሉ፣ በፍጥነት በሚያድጉ የቲቢ ዘመዶች የተወረሩ፣ ለረጅም ጊዜ ንፍፊታቸው ያበጠ ሰዎችን ገልጸው ይህ ከዚህ በፊት ያልተለየ የበሽታ መልክ ነው አሉ። በዚያ ጽሑፍ ሕሙማኑ የመከላከያ አቅማቸው ደኅና የሆነ ተብለው ነው የተጠሩት። በጊዜው የነበረ ምርመራ ሁሉ ደኅና ነው ይል ስለነበር ሌላ ቃል አልነበራቸውም። የተሳሳተው ምርመራው ነበር እንጂ እነሱ አልነበሩም። ማንም መልስ በሌለው ጊዜ ሕሙማኑን በአንድ ስም መሰብሰብ ትልቅ የሐኪም ሥራ ነው፤ በኋላ የመጣው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

በዚሁ ጊዜ ምልክቱ ከሌላ አቅጣጫ እየመጣ ነበር። በሜዲትራንያን ደሴት ማልታ፣ ከአንድ መንደር የመጡ ሕፃናት በዚያው በአፈርና በውኃ በሚኖር የቲቢ ዘመድ ሲሞቱ ለንደን ያለው የማይክል ሌቪን ቡድን ነገሩ በዘር የሚወረስ መሆኑን ጠረጠረ። ፓሪስ ደግሞ ዣን-ሎራን ካዛኖቫና ኢማኑኤል ዡዋንጊ በተወለደ ጊዜ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ራሱ ሰውነቱን ወርሮ የገደለውን የአንድ ቱኒዚያዊ ሕፃን ጉዳይ ያዙ። ሁለቱም ቡድኖች በ1996 ውጤታቸውን በአንድ መጽሔት፣ በአንድ እትም አወጡ። መልሱ አንድ ነበር፤ ሕፃናቱ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚያርፍበት ተቀባይ የላቸውም። መልእክተኛው ደጅ ይደርሳል፤ የሚከፍትለት የለም። ሰው ያለዚህ ሞለኪውል ምን እንደሚሆን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ታየ፤ በጉንፋንና በተራ የልጅነት በሽታ ብዙም የማይጎዳ፣ ለማይኮባክቴሪያና ለሳልሞኔላ ግን በሩ ወለል ያለ ሰው ይሆናል።

የኮን ካየን ሰዎች በሽታ የእነዚህን ሕፃናት ይመስላል። ግን አርባ ዓመት በጤና ኖረዋል። በዘር የመጣ ጉድለት ያን ያህል አይታገሥም፤ ደግሞም ወንድምና እህቶቻቸው ደኅና ናቸው።

መልሱ በ2004 ከበርሊንና ከካምብሪጅ በአንድ ዓመት መጣ፤ በ2005 ደግሞ የለንደን ቡድንና ቤተስዳ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የስቲቨን ሆላንድ ቡድን የየራሳቸውን ሕሙማን ይዘው አረጋገጡት። ምርመራው እንዴት እንደሄደ በቅርብ ማየት ይገባል። የሕመምተኛው ደም በሙሉ ተወስዶ ሲቀሰቀስ ኢንተርፌሮን ጋማ አይታይም። ዘረመሉ ይነበባል፤ ጉድለት የለበትም። ከዚያ ሕዋሳቱን ፕላዝማ ከሚባለው የገዛ ደማቸው ፈሳሽ ለይተው፣ አጥበው፣ በንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ይቀሰቅሷቸዋል። አሁን ኢንተርፌሮን ጋማ ያመነጫሉ፤ ሲሰጣቸውም በደንብ ይመልሳሉ። ሕዋሳቱ ንጹሐን ናቸው። ቀጥሎ የሕመምተኛውን ፕላዝማ ጤነኛ ሰው ሕዋሳት ላይ ይጨምራሉ፤ ኢንተርፌሮን ጋማም ይሰጧቸዋል። ትእዛዙ ሲደርስ ሕዋስ ውስጥ ስታት1 የሚባለው ፕሮቲን ፎስፌት ተለጥፎበት መብራት እንደሚበራ መታየት ነበረበት፤ ምንም የለም። የጤነኛው ሰው ሕዋስ ደነቆረ። ፕላዝማው ሲፈተሽ ውስጡ ያለው ኢንተርፌሮን ጋማን አንቆ የሚይዝ አንቲቦዲ ነው።

ያ የግሬሰር ሐሳብ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌላ ኢንተርፌሮን ተመለሰ። ጉዳቱ ከኤችአይቪ ጋር የሚመሳሰልበትና የሚለይበትም እዚህ ላይ ነው። ኤችአይቪ መልእክቱን የሚልኩትን ሕዋሳት ይገድላል። ይህኛው ሕዋሳቱን አይነካም፤ ቁጥራቸው ሙሉ ነው፤ የላኩት ነገር ነው ከመድረሱ በፊት የሚያዘው። ሲዲ4 ሲቆጠር ሁሉም ደኅና ይመስል የነበረው ለዚህ ነው።

በ2004 እና 2005 የተገለጹት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው። ብርቅ ነገር ነው ተብሎ ሊቀር ይችል ነበር። ታይላንድ ውስጥ ግን ሐኪሞቹ መዝገብ ሲያከማቹ ቆይተዋል። በ2007 ቼትቾቲሳክና በሌሎች ሆስፒታሎች ያሉ የሙያ ጓደኞቿ ኤችአይቪ የሌለባቸው፣ በመላ ሰውነታቸው የተሠራጨ የማይኮባክቴሪያ በሽታ ያለባቸው 129 ሰዎችን በአንድ ጽሑፍ አቀረቡ። አንድ መቶ ሃያ ዘጠኝ ሰው ብርቅ ነገር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አሁን ሁለቱ ጫፎች መገናኘት ነበረባቸው፤ በሽታው ያላቸው ሐኪሞችና መለኪያው ያላቸው ቤተ ሙከራዎች።

ተገናኙ። የሆላንድ ባልደረባ ሣራ ብራውን የመራችው ጥናት ታይላንድንና ታይዋንን ከቤተስዳ ጋር አስተሳሰረ። በጠቅላላው 203 ሰዎች ተመረመሩ፤ በመላ ሰውነታቸው የተሠራጨ ማይኮባክቴሪያ ያለባቸው፣ ሌሎች የኤድስ ዓይነት ጀርሞች የተፈራረቁባቸው፣ የተሠራጨ ቲቢ ያለባቸው፣ የሳንባ ቲቢ ያለባቸውና ጤነኞች። ኤችአይቪ ያለበት ሰው አልገባም። ከመለኪያዎቹ አንዱ ፒተር በርቤሎ ያዳበረው ዘዴ ነው። ከአንድ የባሕር እንስሳ የተወሰደ ብርሃን የሚሰጥ ፕሮቲን ከሚፈለገው ሞለኪውል ጋር ይሰፋል፤ የሕመምተኛው ሴረም ጠብታ ይጨመርበታል፤ አንቲቦዲ ካለ የሚያበራውን ነገር ይዞ ይቀራል፤ የተያዘው ታጥቦ ብርሃኑ ይለካል። አንቲቦዲው በበዛ ቁጥር ብርሃኑ ይደምቃል።

ውጤቱ በነሐሴ 2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች፣ ማለትም በተሠራጨ ማይኮባክቴሪያና በተጓዳኝ ጀርሞች ከተጠቁት ሰዎች፣ 88 በመቶው ኢንተርፌሮን ጋማን የሚያመክን አንቲቦዲ በብዛት ተገኘባቸው። በጤነኞቹና በተራ ቲቢ ሕሙማን ዘንድ ግን እምብዛም አልታየም። ሲዲ4 ቁጥራቸው ከጤነኞቹ አልተለየም። ቁጥሩን ስንመለከት የምናየው እስከ ትናንት ምክንያት ያልተገኘላቸው ሰዎች ናቸው። ከአሥር ዘጠኝ ለሚጠጉት የሕመማቸው ምክንያት በአንድ ጽሑፍ ተገኘ። በሽታውም ስም አገኘ፤ በአዋቂነት የሚጀምር የበሽታ መከላከያ ጉድለት። አይተላለፍም። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከባል ወደ ሚስት አይሄድም።

ከጥናቱ በኋላ ዋናው ችግር ምርመራው የትም አለመኖሩ ሆነ። አንቲቦዲውን የሚለኩት ጥቂት የምርምር ቤቶች ነበሩ። የታይዋን ሐኪሞች ግን በየሆስፒታሉ ያለ አንድ የደም ምርመራ ሳያስበው በሽታውን ሲጠቁም እንደነበር አስተዋሉ። ድብቅ ቲቢን ለመለየት የሚሠራው ይህ ምርመራ የሰውየውን ደም በተለያዩ ቱቦዎች ይወስዳል። በአንደኛው ቱቦ የቲቢ ምልክት የሆኑ ፕሮቲኖች አሉ። በሌላው ደግሞ ምርመራው መሥራቱን ለማረጋገጥ ያ ዊሎክ በ1965 የተጠቀመበት የቦሎቄ ንጥረ ነገር ይጨመራል፤ ደሙ የማን ይሁን የማን ኢንተርፌሮን ጋማ ማመንጨት አለበት። በእነዚህ ሕሙማን ቱቦ ግን ኢንተርፌሮኑ እንደ ወጣ አንቲቦዲው ይይዘዋል፤ መለኪያው አያገኘውም። ማሽኑ መወሰን አልተቻለም የሚል ውጤት ያወጣል። ብዙ ሐኪም እንዲህ ያለውን ወረቀት ናሙናው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ንፍፊት ያበጠ፣ ትኩሳት ያለው፣ ኤችአይቪ የሌለበት ሰው ላይ ግን ያ ወረቀት መጣል የለበትም።

ለምን እስያ ውስጥ? ለምን ታይላንድ፣ ታይዋን፣ የደቡብ ቻይናዋ ጓንግሺ? አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የተገኙት ሕሙማንም ቢሆኑ አብዛኞቹ በዚያ አካባቢ የተወለዱ ነበሩ። በ2013 የታይዋን ተመራማሪዎች ከመልሱ አንዱን ክፍል አገኙ። እያንዳንዱ ሰው የባዕዱን ቁራጭ ለመከላከያ ሕዋሳቱ የሚያሳይባቸው ኤችኤልኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉት፤ ዓይነታቸው ከሰው ሰው ይለያል። ሕሙማኑ ሁለት ዓይነቶችን፣ ዲአርቢ1 16፡02 እና ዲኪውቢ1 05፡02 የሚባሉትን፣ ከሌላው ሰው በጣም አብልጠው ይዘው ተገኙ። እነዚህ ዓይነቶች በደቡብ ምሥራቅ እስያና በደቡብ ቻይና ሕዝብ ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ያላቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጤነኞች ናቸው። የዘር መሰናዶው ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ነገር መቀስቀስ አለበት።

ቀስቃሹን ፍለጋ የሄደው በታይዋን ቻንግ ጉንግ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቼንግ-ሉንግ ኩ ነው። በ2016 ቡድኑ የሕሙማኑ አንቲቦዲ ሞለኪውሉን የት ላይ እንደሚይዝ ለየ፤ ከጫፉ አጠገብ፣ ከ121ኛው እስከ 131ኛው አሚኖ አሲድ ባለች አጭር ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ይህቺን ቁራጭ የሚመስል ነገር በሌላ ፍጥረት ውስጥ ፈለጉ። በአፈርና በተበላሸ እህል ላይ በሚበቅለው አስፐርጊለስ በተባለ ሻጋታ ውስጥ ኖክ2 የሚባል ፕሮቲን ላይ አገኙት። ይህ ፕሮቲን ለቤተ ሙከራ እንስሳት ሲሰጥ ኢንተርፌሮን ጋማን የሚይዝ አንቲቦዲ አወጡ። ሩዝ ሲያመርት የኖረ ገበሬ በየወቅቱ ሻጋታ ይተነፍሳል፤ ሰውነቱ ሻጋታውን ለመያዝ የሠራው አንቲቦዲ በመልክ የሚመሳሰለውን የራሱን ሞለኪውል ይይዝ ይሆናል። ይህ በሰው ላይ የተረጋገጠ የምክንያት ሰንሰለት አይደለም፤ ግን ከተባለው ሁሉ ከበሽታው ቦታና ዕድሜ ጋር አብሮ የሚሄደው እሱ ነው። ኩና ባልደረቦቹ በዚህም አላበቁም፤ ያቺን ቦታ የለወጡበት ኢንተርፌሮን ጋማ ሠርተው ከአንቲቦዲው እንደሚያመልጥ፣ ሥራውንም እንደሚሠራ በቤተ ሙከራ አሳዩ።

ሕክምናው የራሱ ታሪክ አለው። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች የሚያክሙት ጀርሙን ብቻ ነበር፤ አንዱን ሲያጠፉ ሌላው ይመጣል፤ መድኃኒቱ ሲቆም በሽታው ይመለሳል። ኢንተርፌሮን ጋማ በመርፌ መስጠትም ተሞከረ፤ ብዙ አንቲቦዲ ባለበት ሰው የሚሰጠውም ይያዛል። በ2012 የብራውን ቡድን አንቲቦዲውን የሚያመርቱትን የቢ ሕዋሳት የሚያጠፋውን ሪቱክሲማብን በጥቂት ሕሙማን ላይ ሞከረ። ይህ መድኃኒት ከ1997 ጀምሮ ለሊምፎማ ካንሰር ይሰጥ የነበረ ነው። አንቲቦዲው ቀነሰ፤ ኢንተርፌሮኑ ነፃ ወጣ፤ ለዓመታት በአንቲባዮቲክ ያልተነቀነቀው በሽታ አፈገፈገ።

ሪቱክሲማብ ውድ ነበር፤ የኮን ካየን ገበሬ አይችለውም ነበር። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ስለዚህ ወደ አሮጌ መድኃኒት ሄዱ። ሳይክሎፎስፋሚድ ከ1959 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ፣ ካንሰርንና ራስን የሚያጠቃ በሽታን የሚያክሙበት፣ ዋጋው የማይከብድ መድኃኒት ነው። በ2018 ቼትቾቲሳክና ባልደረቦቿ በደም ሥር እየሰጡ በአብሰሰስ የተሠቃዩ ሕሙማን እንደተሻላቸው ጻፉ። የመከላከያ አቅሙ የተዳከመ ሰው ላይ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት መስጠት ድፍረት ይጠይቃል። ችግሩ የተቀመጠው አንቲቦዲው ላይ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ግን ሌላ መንገድ የለም። በሀብታም አገር የተገኘ ዕውቀት በድሃ ገበሬ አቅም እንዲሠራ ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ ይህ ሲነገር ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር መታለፉ ያሳዝነኛል።

በ2020 የሁለቱ አገሮች ሐኪሞች ለዓመታት የተከታተሏቸውን ሕሙማን አንድ ላይ አቀረቡ፤ 74 ከስሪናጋሪንድ፣ 19 ከቤተስዳ። ታይላንድ ውስጥ አብሰሰስ ሲበዛ አሜሪካ ውስጥ አቪየም የተባለው ሌላው የቲቢ ዘመድ ይበዛል። የአንቲቦዲው መጠን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ሊወርድ እንደሚችልም ታየ። የሚገርመው ይህ ተስፋ ነው፤ ጀርሞቹን እያከመ ያን ጊዜ የሚያሻግረው ሐኪም ያገኘ ሰው የሚወጣበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል።

በዚያው ዓመት የቆየው የግሬሰር ገጽ ዓለምን አንቀጠቀጠ። በኮቪድ ክፉኛ ከታመሙት 987 ሰዎች 101ዱ አልፋና ኦሜጋ የተባሉትን ኢንተርፌሮኖች የሚያመክን አንቲቦዲ እንደነበራቸው የካዛኖቫ ቡድን አስታወቀ። ከአሥር አንድ ማለት ነው። አንቲቦዲው ቀድሞውንም በደማቸው ነበር፤ ቫይረሱ ሲመጣ ተገለጠ እንጂ። ሰዎቹ ጤነኛ ነን ብለው ይኖሩ ነበር። ኮን ካየን ውስጥ ለዓመታት የሚያውቁት ነገር፣ የራስን መልእክተኛ የሚያስር አንቲቦዲ፣ የብርቅ በሽታዎች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ዓለም ሁሉ አየው።

በ2021 ደግሞ ሪቱክሲማብ ያልረዳው አንድ ሕመምተኛ በዳራቱሙማብ እንደተሻለው ተጻፈ። ሪቱክሲማብ የሚያጠፋው ሲዲ20 የተባለ ምልክት ያለባቸውን የቢ ሕዋሳት ነው። ለረጅም ጊዜ አንቲቦዲ የሚያፈሱት፣ መቅኒ ውስጥ ተቀምጠው የሚኖሩት የፕላዝማ ሕዋሳት ግን ይህ ምልክት የላቸውም፤ ስለዚህ አንቲቦዲው ይቀጥላል። ዳራቱሙማብ በእነዚሁ ሕዋሳት ላይ ያለውን ሲዲ38 ይይዛል፤ ከ2015 ጀምሮ የመቅኒ ካንሰር ለሆነው ማይሎማ ይሰጥ የነበረ መድኃኒት ነው። የአንድ ሰው ውጤት ሕግ አይሆንም፤ ዋጋውም ከሪቱክሲማብ አይሻልም። በሦስቱ መድኃኒቶች መካከል ለማን የትኛው፣ መቼ፣ ለስንት ጊዜ ይሰጥ የሚለውን በብዙ ሰው ላይ በማወዳደር የሚለይ ጥናት ያስፈልጋል፤ በሽታው ከሁሉ በላይ የሚታየው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ስለሆነ ጥናቱም በቅድሚያ ሊደረግ የሚገባው በእነዚያ ሕሙማን አገር ነው።